የእርካብ ስፌት በሎሚ ትከሻ

ጉተማ በዳዳን የየካ ሰው የሚያውቀው በሁለት ነገር ነው፤ በዝምታውና በመርፌው። ዝምታው ግድ የለም፤ ሚስቱ ሎሚ የሁለቱንም ድርሻ ስለምትናገር ቤቱ ወሬ አጥቶ አያውቅም። መርፌው ግን ከአባት የወረሰው ነው። አባቱ ከእንጦጦ ማዶ የመጡ ኮርቻ ሰፊ ነበሩ፤ የካ ዳገት ላይ የጭቃ ቤት ቀልሰው የመኳንንቱን በቅሎ ሲያስጌጡ ኖሩ። ሰዉ ኮርቻቸውን እየተሻማ እሳቸውን «ፋቂ» እያለ ከገበታ ያርቃቸው ነበር። የሚቀመጥበትን ከሠራለት ሰው ጋር መቀመጥን ይጠየፋል፤ እንዲህ ያለ ጉድ ነበር።

ጉተማም ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ወስፌ ጨብጦ አደገ። አብዮቱ ሲመጣ መሬቱ ተወረሰ፣ በቅሎው ተበተነ፣ ባለበቅሎውም የት እንደገባ እግዜር ይወቅ። በሐር የተጠለፈ ኮርቻ ማን ይግዛ? ወስፌውን በጨርቅ ጠቅልሎ አስቀመጠና ከከተማው ሆስፒታሎች ባንዱ፣ በቀዶ ጥገና ክፍል፣ ዕቃ ቀቃይ ሆኖ ተቀጠረ። መቀሱን፣ መርፌውን፣ መቆንጠጫውን አጥቦ፣ ቀቅሎ፣ ቆጥሮ ማስረከብ ነው ሥራው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሐኪሞች ሰው ሲሰፉ በበሩ መስታወት አሻግሮ እያየ፣ አንዳንዱን ስፌት በሆዱ «አቤት! ይሄ እስከ ሱሉልታ አያደርስም» ይል ነበር። አፍ አውጥቶ ግን አይናገርም። ዕቃ ቀቃይን ማን ይሰማዋል?

ሎሚ ደግሞ የእንጦጦ ሴት ናት። ከራጉኤል በታች ካለው ጫካ ጭራሮና ቅጠል ለቅማ፣ ከራሷ የሚበልጥ ሸክም በጀርባዋ ይዛ ቁልቁለቱን ስትወርድ፣ ከኋላ ለሚያያት ሸክሙ ብቻውን እግር አውጥቶ የሚሄድ ይመስላል። ልጅ አልወለዱም። ልጃቸው ተሾመ ነበር። ተሾመ የሎሚ ታናሽ ወንድም ነው፤ እናታቸው ገና ጡት ሳይጥል ስለሞቱ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። በ1979 ዓ.ም ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ ወሬዋ ሁሉ እሱ ነው። «ሲመለስ እድረዋለሁ፤ ድንኳኑን የምተክለው እዚህ፣ የሚታረደውን በሬ የማስረው እዚያ» እያለች የግቢውን ጥግ ሁሉ ደልድላ ጨርሳዋለች።

በ1980 ዓ.ም፣ መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ ቁልቁለቱ ላይ እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል ከዳት። ሸክሙ ወደ ገደሉ ሲጎትታት በቀኝ እጇ አንድ ግንድ ለቀም አደረገች። ግንዱ አልነቃነቅ አለ፣ ሸክሙም አልተዋት አለ፤ መሀል ቤት የተጎዳው ትከሻዋ ነው። «አሮጌ ጋቢ ሲቀደድ እንደሚሰማው በጆሮዬ ሰማሁት» ትላለች ራሷ ስታወራው።

ወጌሻው መጥቶ አሸ፣ ሳበ፣ ቅቤ ቀባ። ምንም የለም። ክንዷን በግራ እጇ አንስታ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጠው ይቀመጣል፤ ራሱን ችሎ ተነሣ ሲሉት ግን አይሰማም። ፀጉሯን ማበጠር፣ እንስራ ማውረድ፣ ሻሿን ማሰር ቀረ። ጉተማ ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመሄዱ በፊት ሻሿን ያስርላት ጀመር፤ እሱም መቼም እንደ ለመደው ጥብቅ አድርጎ ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ በቅሎ መሰልኩህ እንዴ? ዓይኔ እኮ ወጣ!» ትለዋለች።

ትስቃለች እንጂ ውስጥ ውስጡን ታርራለች። ሸክም ለምዶ የኖረ ሰው ባዶ ጀርባውን ይዞ ሲቀመጥ ቤቱ ይጠበዋል። አንድ ቀን «ተሾመ ሲመጣ ሙሽራውን እልል ብዬ የምቀበለው በአንድ እጄ ነው?» ብላ ስታለቅስ ሲያያት የጉተማ አንጀት አልቻለም። በማግሥቱ በሕይወቱ ያላደረገውን አደረገ፤ የዶክተር ዳንኤልን ቢሮ በር አንኳኳ።

ዶክተር ዳንኤል ከውጭ ትምህርቱን ጨርሶ ከተመለሰ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ሐኪም፣ ረጅም፣ ከሲታ፣ ሲያስብ ብዕሩን የሚያኝክ ሰው። ሎሚን አስመጥቶ መረመራት፣ ከዚያም ጉተማን ለብቻው ጠርቶ እውነቱን ነገረው።

«ጋሽ ጉተማ፣ ክንድን ወደ ላይ የሚያነሣው ጅማት ከአጥንቱ ተነቅሏል። አጥንቱን በትንሹ እበሳና ጅማቱን መልሼ እሰፋዋለሁ፤ ሥራው ይታወቃል። ግን እዚህ ከመጣሁ አራት ሰው ሰፍቼ የሁለቱ መልሶ ተቀደደ። አጥንቱ አልተሰበረም፣ ክሩም አልተበጠሰም። ክሩ ጅማቱን እየሰነጠቀ ነው የሚወጣው። የእትዬ ሎሚ ጅማት ደግሞ ወራት ቆይቶ ሳስቷል። አንዴ ተሰፍቶ ከተቀደደ፣ ለሁለተኛ ጊዜ የሚሰፋ ነገር አይተርፍም።»

ጉተማ ኮፍያውን በእጁ አሸ። ከዚያ አሥራ አንድ ዓመት የታፈነው ነገር ድንገት ወጣ።

«ስፌቱ ነዋ፣ ዶክተር!»

«እንዴት?»

«እርስዎ የሚሰፉት ጅማቱ በተኛበት አቅጣጫ ነው። የእርካብ ጠፍር እንዲህ ቢሰፋ ጌታው ገና ሲረግጠው መሬት ይወርዳል። እኛ መጀመሪያ ወገቡ ላይ አግድም ጠለፍ እናደርገዋለን። ከዚያ የሚጎተተውን ክር ከጠለፋው ኋላ እናወጣዋለን። ሲጎተት ክሩ የሚያርፈው ክር ላይ ነው፤ ቆዳውን አይበላውም።» ተናግሮ ሲጨርስ ደነገጠ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ዶክተር፣ ደፈርኩ።»

ዶክተሩ ግን ብዕሩን ማኘክ አቁሞ ነበር። ወረቀት ገፋለትና «እስቲ ይሣሉልኝ» አለው።

ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ባለው መጋዘን ነገሩ እንዲህ ተጀመረ። ዶክተር ዳንኤል በግምት የሚሠራ ሰው አይደለም። ሦስት ዓይነት ስፌት እናወዳድር አለ፤ አንደኛው ገብቶ የሚወጣው ነጠላው፣ ሁለተኛው ገብቶ በጎን የሚመለሰው ድርቡ፣ ሦስተኛው የጉተማ ጠለፋ። እያንዳንዱ አሥር አሥር ጊዜ ይፈተናል። የበሬ ትከሻ ጅማት ከነአጥንቱ ከሥጋ ቤት እየመጣ ይሰፋል፣ ከጣሪያው አግዳሚ ላይ ይሰቀላል፣ ከሥሩ ትልቅ ባልዲ ይንጠለጠላል፤ ከዚያ ስፌቱ እስኪቀደድ ድረስ ውሃ በጣሳ እየተለካ ይፈስስበታል። መዝጋቢዋ የቀዶ ጥገና ክፍሏ ነርስ ሲስተር ፀዳለ ናት። ባለሥጋ ቤቱ ጅማት ጅማቱን ሲጠይቁት «ምነው፣ ሆስፒታሉ ለበሽተኛ ጥብስ ጀመረ እንዴ? ለዚያውስ ይሄ ምን ጥርስ ይችለዋል!» እያለ ሲስቅባቸው ከረመ።

መጀመሪያው ሳምንት ለጉተማ የሠርግ ሳምንት ነበር። ነጠላው ሃያ ኪሎ ላይ ይሰነጠቃል። ድርቡ ሃያ ሰባት ያደርሳል። የጉተማ ጠለፋ አርባ ገባ! ወለሉ በውሃ ሲጥለቀለቅ ያ ዝምተኛ ሰው «እሰይ! እንዲህ ነው እንጂ!» ብሎ ጭኑን መታ። ያን ዕለት ቤቱ ሲገባ ሎሚን «ትከሻሽ አለቀለት በይ፣ አባቴ ከመቃብር ተነሥተው ሊሰፉሽ ነው» ብሎ አስደነገጣት።

ዶክተር ዳንኤል ግን ገና ያልተሰፉትን ጅማቶች ከተቀመጡበት ሣጥን እያነሣ ያገላብጥ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ጉተማን ጠራው።

«ጋሽ ጉተማ፣ ወፍራም ወፍራሙን ጅማት ለራስዎ ስፌት ነው የመረጡት።»

ጉተማ ጆሮው ድረስ ጋለ። ሊምል እጁን አነሣና ተወው፤ ሣጥኑን አየዋ። እውነት ነው፤ የቀሩት ሁሉ ቀጫጭኖቹ ናቸው። «ዶክተር፣ ዓይኔን ግንባር ያርገው፣ አውቄ አይደለም። ለእርካብ ሁልጊዜ የሚመረጠው ከቆዳው ምርጡ ነው። እጄ ለምዶ ነው የመረጠው።»

«ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ አሉ» አለች ሲስተር ፀዳለ፣ ከመዝገቧ ቀና ሳትል።

ዶክተሩ አልሳቀም፤ አልተቆጣምም። «ልክ ነው፣ ለእርካብ ቆዳ ይመረጣል። ለእትዬ ሎሚ ግን ጅማት መምረጥ አንችልም። ያላት ያው የተቀደደው ነው።»

ጉተማ ያን ጊዜ ገባው። የሚስቱን ክንድ ሊያድን ሲጣደፍ ሊያጠፋው ነበር ማለት ነው። የተጻፈው ሁሉ ተሠረዘ፤ እንደገና «ሀ» ተባለ። አሁን እንደ እቁብ ዕጣ ሆነ፤ ሠላሳ ወረቀት ተጠቅልሎ ኮፍያ ውስጥ ይገባል፣ ሲስተር ፀዳለ ታወጣለች፣ የወጣው ስፌት ፊት ለፊት በተገኘው ጅማት ላይ ይሰፋል፤ ቀጭንም ይሁን፣ ወፍራም። ጉተማ ቀጭኑ ለሱ ስፌት ሲደርሰው ዓይኑን ይጨፍን ነበር። በጥር መጨረሻ መዝገቡ ተደመረ። ነጠላው ሃያ፣ ድርቡ ሃያ ስድስት፣ ጠለፋው ሠላሳ አምስት።

«አሁን አመንኩዎት» አለ ዶክተር ዳንኤል። «አንድ ነገር ብቻ ቀረ። በጣም አጥብቀው ነው የሚያስሩት።»

«ካልጠበቀማ ምኑን ስፌት ሆነ?»

«ይሄ በሬ ሞቷል፣ ጋሽ ጉተማ። የሞተ ነገር አይታነቅም። የእሷ ጅማት ግን ደም ይፈልጋል፤ ጠለፋው ካነቀው ከውስጥ ይሞትና ሠላሳ አምስት ኪሎ የቻለው ስፌት በወሩ ይበሰብሳል።»

ጉተማ ለአርባ ዓመት ሲያጠብቅ የኖረውን እጁን እንደ አዲስ ማስተማር ነበረበት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጌታና ሎሌ ሳይባባሉ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንዱ ጠለፋን ሲማር አንዱ ማላላትን ሲማር፣ ክሩ ጅማቱን ሳያንቅ የሚይዝበትን ልክ አገኙት። ሠላሳ ሦስት ኪሎ ቻለ። «ሁለቱን ኪሎ ለደሟ ተውንላት» አለ ዶክተሩ።

በየካቲት ሎሚ ተሰፋች። ጉተማ የዚያን ቀን መርፌዎቹን ሁለት ጊዜ ቀቀለ፣ አራት ጊዜ ቆጠረ፤ ከዚያ በር ላይ ቆመ። በመስታወቱ ግን ማየት አልቻለም። ሲስተር ፀዳለ ወጥታ «በእርስዎ ስፌት ነው የሰፏት፣ ጋሼ። እንዴት ያለ ቆንጆ ሆኖ ተቀመጠ!» ስትለው እዚያው ግድግዳ ሥር ቁጢጥ አለና አለቀሰ።

ትእዛዙ ከባድ ነበር። ስድስት ሳምንት ክንዱ ከደረቷ ጋር ይታሰራል። ከዚያ በኋላም ሦስት ወር እስኪሞላ ቀስ በቀስ፣ በጣቷ ግድግዳ እየቧጠጠች ታለማምደዋለች እንጂ ድንገት አንስታ መወርወር ክልክል ነው። «አንዲት ክፉ ውርወራ ትበቃለች፤ የሠራነው ሁሉ ያኔ አበቃ» ብሎ ዶክተር ዳንኤል ሁለቱንም አስጠነቀቃቸው።

አራተኛው ሳምንት ላይ ነው መዓቱ የመጣው። ከሰሜን ቁስለኛ በመኪና ተጭኖ ሆስፒታሉን ሞላው። ጉተማ አንዱን እግሩ የተቆረጠ ወታደር ውሃ ሲያጠጣ ከየትኛው ክፍለ ጦር እንደሆነ ጠየቀው። የተሾመ ክፍለ ጦር ሆኖ ተገኘ፤ የተሾመ ሻምበል፣ የተሾመ መቶ።

«የየካው ተሾመ? እህቱ ስለምትደግስለት ሠርግ ሁልጊዜ የሚያወራልን?» አለ ወታደሩ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። «እኔው ነኝ አፈር ያለበስኩት፣ ጋሼ። በእጄ ነው።»

ጉተማ እንዴት የካ እንደደረሰ አያውቀውም። ቤቱ አልገባም፤ ቀጥ ብሎ የሄደው የእድሩ ሴቶች አለቃ ወደሆኑት ወደ እማማ ወለተማርያም ነው። እሳቸውም እያለቀሱ ሰሙት፣ እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ፤ ከዚያ እንደ ዳኛ ተቀመጡ። በአገሩ ወግ እህት ለወንድሟ ስታለቅስ ተቀምጣ አይደለም። እጇን ወደ ሰማይ ትወረውራለች፣ ደረቷን ትደቃለች፣ ራሷን ትጥላለች። ይህን ካላደረገችማ ምኑን አለቀሰችው!

«እጇ የሚጠናው መቼ ነው?» አሉት።

«ግንቦት መጨረሻ።»

«እንግዲያው መርዶው ይቆያል። ለነፍሰ ጡርም፣ ለአራስም ይቆያል። ሬሳውን ቀበሩት፤ ክንዷንም ደርበን አንቀብርም። አንተ ግን ሆድ ይፍጀው በል። ትችላለህ?»

«እችላለሁ» አለ። ዝምታ መቼ ጠፍቶት ያውቃል!

ዳሩ ይሄኛው ዝምታ እንደ ሌላው አልነበረም። መንደሩ ሁሉ አወቀ፤ እሷ ብቻ አላወቀችም። ጎረቤት ሊጠይቃት እየመጣ ከሷ ጋር ይስቅና ከአጥሩ ሲወጣ አፉን በነጠላ አፍኖ ይንሰቀሰቃል። ክንዷ ከእስራቱ ሲፈታ በጣቶቿ ግድግዳውን እየወጣች፣ የደረሰችበትን በከሰል ታሰምር ጀመር። መጀመሪያ ደረቷ ትክክል፣ ከዚያ አገጯ፣ ከዚያ ግንባሯ። ግንባሯ ላይ ግን ቆመች። «ጅማቱ ይችላል፤ የፈሩት እርስዎ ነዎት» ቢላት ዶክተሩ፣ «ልጄ፣ አንዴ ሲቀደድ ሰምቼዋለሁ» ብላ እንቢ አለች።

ከሁሉ የከፋው ደብዳቤው ነበር። ጉተማ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሯል፤ እሷ ትናገራለች፣ እሱ ይጽፋል። «ውድ ወንድሜ ተሾመ፣ እጄ ድኗል በል፣ ጻፍ። ጋሽ ጉተማ ሐኪም ሆነልህ በል። ምነው ዝም አልክ በል፣ ሚስት አገኘህ እንዴ በል» እያለች ትፍለቀለቃለች። እሱ አቀርቅሮ ይጽፋል። ዓይኑ ሲሞላ «ጭሱ ነው» ይላል፤ ምድጃው ላይ እሳት ሳይኖር።

«አንተ ደግሞ ዘንድሮ ምን ነክቶህ ነው? እጄ ሲድን የከፋህ ትመስላለህ» አለችው አንድ ቀን። እሱም ሻሿን ማሰር ጀመረ፤ በልኩ፣ ሳያጠብቅ።

የግንቦት የመጨረሻው ሳምንት ላይ ዶክተር ዳንኤል ትከሻዋን በሁለት እጁ ዳስሶ «ጠንቷል» አለ። በማግሥቱ ማለዳ፣ ገና ወፍ ሲንጫጫ፣ ሰው በጸጥታ እየመጣ ግቢውን ሞላው። እማማ ወለተማርያም ቀድመው ገቡ። ሎሚ ተነሥታ እሳት ልታያይዝ ስትል የሰዉን ብዛት በበሩ አየች። በዚህ ሰዓት ይህን ያህል ሰው ለበጎ እንደማይመጣ የማያውቅ የለም። ወደ ጉተማ ዞረች፤ ጉተማ መሬት መሬት ያያል።

«ተሾመን ነው?» አለች።

«እርምሽን አውጪ፣ ልጄ» አሉ እማማ ወለተማርያም።

«ወይኔ ልጄን! ወይኔ ወንድሜን!»

ሁለቱም እጆቿ ወጡ። ቀኙ ከግራው እኩል፣ ከግንባሯ በላይ፣ ከራሷ በላይ፣ የከሰሉን መስመር ሁሉ አልፎ ቀጥ አለ፤ ወረደ፣ ደረቷን ደቃ፣ ተመልሶ ወጣ። ጉተማ መጀመሪያ ያየው ፊቷን አልነበረም፤ እጇን ነው። ስፌቱ ያዘ! አለ ልቡ፤ ደስ አለው። አዎ፣ ደስ አለው፤ ምን ይደበቃል። ወዲያው ደግሞ በገዛ ልቡ አፈረ፤ እሱም ሁለት ወር ከምናምን የዋጠውን ልቅሶ እንደ ሴት ጮኾ አለቀሰው።

ሐዘኑ ጋብ ሲል ሎሚ ከሴቶቹ መሀል ተነሣች። ድምፅዋ ሻክሯል።

«መቼ ነው የሞተው?»

ሴቶቹ ወደ ጉተማ ዞሩ።

«አንተን ነው ጉተማ፣ መቼ ነው?»

«በመጋቢት።»

ቆጠረች። መጋቢት፣ ሚያዝያ፣ ግንቦት። «ደብዳቤ ሳጽፍህ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ስስቅስ? ወንድሜ አፈር ውስጥ ሆኖ እኔ ጥርሴን ስገልጥ፣ ቁጭ ብለህ እያየኸኝ?»

«እጅሽ እንዲድን ብዬ ነው፣ ሎሚዬ።»

«ለዚች እጅ!» አለች። «ለዚች?»

መጥታ ደረቱን መታችው። ሴቶቹ ሊይዟት ሲሮጡ «ተዉአት» አላቸው። ደግማ መታችው፣ ደጋገመችው፤ እሱም እጁን አንጠልጥሎ ቆመላት። የምትመታው በቀኝ እጇ ነበር፤ ከራሷ በላይ እያነሣች፣ ለእጇ ምንም ሳትሳሳ።